የከሳሽና የተከሳሽ ደርሶ መልስ

ሰው ሁሉ ጉድ የሚሆነው በግዴለሽነቱ ነው። እኔ ጉድ የሆንኩት በጥንቃቄዬ ነው። በሬን ቆልፌ ወጥቼ፣ መቆለፌን ላረጋግጥ ተመልሼ፣ ሳረጋግጥ ከፍቼው የምሄድ ሴት ነኝ። ማዕድ ላይ ጸልዬ ስጨርስ አሜን ማለቴን ስለምጠራጠር እንደገና እጀምራለሁ። ልጆቼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ማም፣ ኢትስ ኮልድ» ይሉኛል።

እንዲህ ያለችዋን ሴት እግዚአብሔር ወስዶ የት አስቀመጣት ብትሉ፣ ኦክላንድ ዳውንታውን፣ የኪሳራና የንግድ ክርክር ጠበቃ ቢሮ ውስጥ። አለቃዬ ሄለን ትባላለች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኛው ልጅ። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ወላጆቿ ሲቆጧት የቀሩላት ቃላት ብቻ አሉ፦ «ተይ»፣ «ነውር ነው»፣ «ነግሬሻለሁ»። እነዚህን ግን ከኔ አጥርታ ነው የምትላቸው። ደንበኞቻችን ብዙዎቹ ሱቃቸው የከሰረ፣ ከሽርካቸው የተኳረፉ የኛ ሰዎች ናቸው። የኔ ሥራ ፋይል መያዝ፣ ማስተርጎምና ሶፍት ማቀበል ነው። የከሰረ ሰው ሲያለቅስ አይታችሁ ከሆነ፣ ለገንዘቡ አያለቅስም። «ስሜን ከበሩ ላይ ሲፍቁት አየሁ» ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

ለሥራው እንግዳ አልነበርኩም። በጌታ ያንቀላፋው አባቴ ልደታ የንግድ ችሎት የሚቆም ጠበቃ ነበር። ጥቁር ካባውን በከሰል ካውያ የምተኩስለት እኔ ነበርኩ። የካባው ጠረን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ሱፍ፣ የወረቀት አቧራና ሚንት ከረሜላ። ችሎት ፊት ድምፁ እንዳይሻክር ነው ይለኛል ከረሜላውን። ኪሱን ስዳብስ ግን ሁልጊዜ አንድ ትርፍ አገኝ ነበር። ለኔ እንደሚያስቀምጠው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

አባቴ አንድ ጉደኛ ልማድ ነበረው። የቀጠሮ ቀን ጠዋት ደንበኛውን በቮልሱ ከቤቱ ይወስድና፣ የባላጋራው ቤት መንገዱ ላይ ከሆነ ቆሞ እሱንም ይጭነዋል። እኔ ትምህርት ቤት ስለምወርድ ከኋላ፣ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል እቀመጣለሁ። ሁለት የተኮራረፉ ነጋዴዎች በቮልስ ወንበር ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ የምታውቀው መሃል ያለች ልጅ ብቻ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ሰውዬ መስኮቱን ይዝጋ በይው» ይለኛል አንዱ።

«ለዚያኛው ሰውዬ፣ ሲጋራውን ካጠፋ እዘጋለሁ በይልኝ» ይላል ሌላው።

ስልክ ነበርኩ ማለት ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ስወርድ ስልኩ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ምርጫ አላቸው? ቀጥታ ነው። አንዳንዴ ልደታ ሲደርሱ ክሱ ግማሹ አልቆ ይገኛል። እናቴ ይኼን ስትሰማ ራሷን ትይዝ ነበር። «አንተ ሰው፣ ይኼ ቮልስ ሊያበላን ነው ሊያስርበን የመጣው? ሁሉን መንገድ ላይ ካስታረቅክ ችሎት ምን ይዘህ ልትቆም ነው?»

አባቴ ይስቅና ያችኑ ወሬውን ይደግማታል። «ድሮ እኮ አበዳሪና ባለዕዳ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው ሄደው አብረው በልተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ቋጠሮውን የፈታነው እኛ ጠበቆች ነን። ቢያንስ ታክሲውን እንቻላቸው።»

ወደ ጉዴ ልመለስ።

ጋሽ ተሰማና ግርማ ሳንሆዜ ውስጥ አብረው የከፈቱት ጋራዥ አለ። ጋሽ ተሰማ ሞተር ናቸው፤ ግርማ ፍሬንና የእግር ሥራ፣ ጎማና ሞላውን። ጋሽ ተሰማ ኮፈን ሳይከፍቱ፣ ከመንገድ ማዶ ቆመው «ይቺ ሞተር ጉሮሮዋን ታማለች» የሚሉ ሰው ናቸው። ደህና ዘመን አሳለፉ። ኋላ ሰፈሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ነዳ። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አይጮህም፤ የማይጮህ መኪና ለጋሽ ተሰማ ንስሐ እንደማይገባ ኃጢአተኛ ነው፣ ምንም ሊያደርጉለት አይችሉም። ጋራዡ እየከሳ ሄደ። ግርማ «እንዝጋው፤ ሳኒቬል የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። ጋሽ ተሰማ «ጋራዡ ከተዘጋ እኔ ጠዋት ተነስቼ የት ልሂድ?» አሉ። በዚህ ተኳረፉ። ግርማ ጠበቃ አቁሞ ሽርክናው ይፍረስልኝ ብሎ ከሰሰ፤ ጋሽ ተሰማ ወደኛ መጡ። ዳኛዋ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጠቻቸው፦ በገላጋይ ተነጋገሩ፣ ካልተስማማችሁ ሰው ሾሜ መሣሪያው ተሸጦ ይዘጋል።

ከቀጠሮው በፊት ሄለን ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋችው። «አንቲ፣ ሊስን። ጠበቃ ያለውን ተቃራኒ ወገን እኛ ስለ ኬዙ አናናግርም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ኔቨር።»

እኔ እንግዲህ ሕግን ከሕግ አውጪው አብልጬ ማጥበቅ ልማዴ ነው። ስለ ኬዙ ያለችውን ትቼ ሰላምታም ጨመርኩበት፤ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ማለትንም።

የዚያን ሰሞን ጋሽ ተሰማ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ሐኪም እንዳይነዱ ከልክሏቸዋል። እኔም ሁለት ካርቶን ፋይል ተሸክሜ ከሄይዋርድ በባቡር አልሄድም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችንን የትራንስፖርት አገልግሎት ለምታስተባብረው ለእህት ብዙነሽ ኮል አደረግኩ። ሾፌሮቹ ከኦክላንድም ከሳንሆዜም ጉባኤ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ወንድሞች ናቸው።

«ማንን ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።

«አንድ አባት ናቸው። ከሳንሆዜው ቤተ ክርስቲያን በር ይነሳሉ። መንገድ ላይ እኔን ከሄይዋርድ።»

«ስማቸውስ?»

«ምስጢር ነው።»

«ለምንድን ነው የሚሄዱት?»

«እሱም ምስጢር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ታቦት ነው እንዴ የምናጓጉዘው?» አለች። ሳቀችና «ጌታ መልካም ነው፤ አንድ ወንድም ያን ጠዋት ለራሱ ጉዳይ ኦክላንድ ይሄዳል፣ በዚያው ያደርሳቸዋል» አለችኝ። ሃሌሉያ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ነጯ የቤተ ክርስቲያን ቫን ደጄ ቆመች። ዕድሜዋ ከጉባኤያችን ይበልጣል፤ ማንም ደፍሮ «ጡረታ ትውጣ» አይላትም እንጂ። በሩን ከፈትኩ። ከኋላ ጋሽ ተሰማ በጥቁር መነጽር፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ተክለው ተቀምጠዋል። መሪውን የያዘው ግርማ ነው።

ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ።

«ግቢ» አሉኝ ጋሽ ተሰማ ወደ መስኮቱ እያዩ። «የጠበቃዋ ዘዴ መሆኑ ገብቶኛል። በደንብ አስባችሁበታል።»

ግርማ ወደፊት እያየ ለብቻው አጉረመረመ። «አገልግሎት ነው። በር ላይ የቆመን ሰው ጥለን አንሄድም፤ ማንም ይሁን ማን።»

ምን ላድርግ? ሌላ መኪና ልጥራ ብል ቀጠሮው ያልፋል። ቀጠሮው ካለፈ ጋራዡ ይዘጋል። «ጌታ ሆይ፣ ጆሮዬን ጋርድልኝ» ብዬ ገባሁ፤ ምንም እንዳልሰማም መዝሙር ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ኤይት ኤይቲ ላይ ወጣን። የሾፌሩ መስኮት ክፍት ነው፤ የፍሪዌዩ ነፋስ ሻርፔን አንስቶ ፊቴ ላይ ይለጥፈዋል። ታገስኩ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ግን መዝሙሩም አብሮ ተንቀጫቀጨ።

«ጋሽ ተሰማ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ሾፌሩን መስኮቱን ዝጋ ይበሉልኝ።»

«ምነው? አማርኛ ይሰማል እኮ።»

«እኔ እሱን እንዳናግር ሕግ አይፈቅድልኝም።»

«እኔንም ኩራቴ አይፈቅድልኝም።»

ነፋሱ ቀጠለ። አስነጠሰኝ። ግርማ «ይማርሽ እህቴ» አለ። አሜን እንኳ ሳልል ቀረሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቆረቆሩት።

«ሴትዮዋ በርዷታል!» አሉ ለጣሪያው።

«ለሴትዮዋ ይንገሯት፤ የመስኮቱ ማንሻ ተሰብሯል» አለ ግርማ ለመስተዋቱ።

«ማንሻ የተሰበረ መኪና ሰው ይጫንበታል ወይ ብላለች።»

«እኔ አላልኩም!» ብዬ ጮህኩ፤ ለጋሽ ተሰማ።

«አላልኩም ብላለች» አሉ ጋሽ ተሰማ። «እኔ ግን ብያለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የአባቴ ቮልስ ትዝ ያለኝ። ሰው አርጅቶም ወደ ልጅነት ወንበሩ ይመለሳል ማለት ነው። ዛሬ ግን ስልኩ እኔ አይደለሁም። እኔ ደዋይ ነኝ፤ የሰማንያ ደጃፍ የሚያንኳኩት ሽማግሌ ናቸው ስልኩ።

እውነተኛው ስልክ ጮኸ። ሄለን ነበረች። በድንጋጤ የነካሁት ቁልፍ ድምፁን ለቫኑ ሁሉ ለቀቀው።

«አንቲ! ዌር አር ዩ? ኢዝ ጋሽ ተሰማ ዊዝ ዩ?»

«አዎ፣ አጠገቤ ናቸው።»

«ግሬት። ኪፕ ሂም አዌይ ፍሮም ግርማ፣ ኦኬ? ፋር፣ ፋር አዌይ።»

ከፊት ወንበር «አይዟችሁ፣ አንድ ወንበር ያህል ርቀዋል» የሚል ድምፅ መጣ።

«ሁ ኢዝ ዛት?» አለች ሄለን።

«ሾፌሩ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም። ሾፌሩ ነው።

ሳን ሊያንድሮ ስንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንደ ቡችላ የሚያላዝን ነገር ጀመረ። ግርማ ሬዲዮውን ከፈተ። ልቅሶው በረታ። ሬዲዮውን ጨመረ። ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ከዚያ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ በመጨረሻ ከወንበራቸው ተነሱ ማለት ይቻላል።

«ሬዲዮውን አጥፋ!»

ግርማ አጠፋ። ለስንት ጊዜ ሲታዘዝ የኖረ እጅ ነው፤ ኩርፊያ መኖሩ አልተነገረውም።

«ቺንጋው ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ። ቺንጋ ሞተሩ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያሽከረክርበት የጎማ ቀበቶ ነው። «ተሰነጣጥቋል። የእግዚአብሔርን ቤት መኪና እንዲህ አድርገህ ትነዳለህ? አታፍርም?»

«ፍሬኑን ይመልከቱ፣ አዲስ ነው! እግሩን ይመልከቱ፣ አዲስ ነው! ቺንጋ የማን ሥራ ነበር ጋሼ? የማን?»

ጋሽ ተሰማ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ቺንጋው ቀድሞ መለሰ። ጧ! አለ። ግርማ እየዳከረ ወደ መንገዱ ዳር አወጣን።

ሁለት መካኒኮች፣ ጋራዣቸውን ለማፍረስ እየሄዱ፣ በተሰበረ መኪና ፍሪዌይ ዳር ቆሙ። የእግዚአብሔር ቀልድ ከሰው ቀልድ ይረዝማል። ኮፈኑ ተከፈተ። ሁለት ጭንቅላት ከሥሩ ገባ። እኔ ከቫኑ ሳልወርድ እጸልያለሁ፤ ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል።

«ጎታች መኪና ብንጠራ ቀጠሮው ያልፋል» ሲል ሰማሁ ግርማ።

«ቢያልፍ ላንተ ምንህ ነው? ይዘጋል፤ የፈለግኸው እሱን አይደል?»

«እንዲህ ይዘጋ አላልኩም» አለ ግርማ። «እንደሱ ካሉማ… ስቶኪንግ ቢኖር እስከ ኦክላንድ ያደርሰን ነበር።»

ሁለቱም ጭንቅላቶች ከኮፈኑ ወጥተው ወደኔ ዞሩ። ያገራችን መካኒክ ቺንጋ ሲበጠስበት የሴት ስቶኪንግ ቋጥሮ መኪና እንደሚያስነሳ ሰምቼ አውቃለሁ። የኔ እግር ግን የታሪኩ አካል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

«ልጄ…» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ሾፌሩ ምን እያለ ነው?» አልኳቸው፤ ሕግ ሕግ ነው።

«ሾፌሩ… እንዴት ልበልሽ… በጌታ ፍቅር የለበስሽውን እያለ ነው።»

ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ሰጥቻለሁ፣ ወንበር ሰጥቻለሁ፣ ለመዘምራን ልብስ ሰፍቻለሁ። ስቶኪንግ የሚጠየቅበት ቀን ግን ይመጣል አላልኩም። «ሾፌሩ ፊቱን ያዙር ይበሉልኝ። እርስዎም» አልኩ። ሁለቱ ወደ ፍሪዌዩ ዳር ግንብ ዞሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጥፋት እንደተገኘባቸው ተማሪዎች፣ ጎን ለጎን ቆሙ። ትከሻ ለትከሻ ሲቆሙ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ እድሜ ለስቶኪንጌ።

ጋሽ ተሰማ ዓይናቸው ገና አልጠራምና አንዱን ጫፍ በዳበሳ ያዙ። ግርማ ሌላውን ያዘ። «ሳብ።» «ሳብኩ።» «አጥብቀህ ነው እኮ!» «ጋሼ፣ አሁን ይቋጥሩት።» ቋጠሩት። እኔ ባዶ እግሬን ጫማዬ ውስጥ ደብቄ በመስኮት አያለሁ። በአባቴ ወሬ ውስጥ የነበረው የነጠላ ጫፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ቋጠሮውን የቤተ ክርስቲያን ቫን ውስጥ አየሁት። ሚንት ከረሜላው ሁሉ ሸተተኝ።

ቫኗ ተነሳች። እንደ ሽማግሌ እያዘገመች ኦክላንድ፣ ሽምግልናው የሚካሄድበት እኛው ቢሮ አደረሰችን።

ገላጋዩ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ቀጠን ያለ ረጅም ፈረንጅ ነው። እዚህ አገር ሽምግልና ተጣዪዎቹን በተለያየ ክፍል አስቀምጦ፣ ሽማግሌው ከክፍል ክፍል እየተመላለሰ ነው የሚካሄደው። ጠዋቱን ሙሉ ተመላለሰ። ጋሽ ተሰማ «አይዘጋም»፤ ግርማ «ካልተዘጋ እኔ ሁለት ቦታ ልከፈል?»። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፈረንጁ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። «ልትስማሙ የምትችሉበት አንድ ነገር የለም? ምንም ይሁን፣ አንድ» አለ። ተረጎምኩ።

ጋሽ ተሰማ አሰብ አደረጉና «አለ» አሉ። «ስቶኪንጉ ሳንሆዜ አይደርስም።»

ምን ላድርግ፣ አስተርጓሚ ነኝ፤ ቃል አልጨምርም፣ ቃል አልቀንስም። ተረጎምኩ። ሄለን ቀና ብላ «ዋት ስቶኪንግ?» አለች፤ ዓይኗም በዝግታ ወደ እግሬ ወረደ።

ፈረንጁ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ያንኑ ጥያቄ ግርማንም ጠይቆታል። ግርማም «ስቶኪንጉ ሳንሆዜ አይደርስም» ብሎታል። «እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለ፤ «ግን በሙሉ ድምፅ ያለፈ ነገር ይኼ ብቻ ነው። እስቲ ሁለቱን አንድ ክፍል አስገቧቸውና ጠበቆች ወደ ምሳ ሂዱ።»

በሩ እንደተዘጋ የቺንጋ ቁጥር ሲጨቃጨቁ ይሰማ ነበር። ከዚያ የማን ዕቃ ቤት ይቀርባል ብለው ተጨቃጨቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ መስማት ስለማይገባኝ ወደ ሄለን ቢሮ ገባሁ፤ እዚያም የሚሰማ ጠበቀኝ።

«ነውር ነው!» አለችኝ ጥርት ባለ አማርኛ። «ነግሬሻለሁ!»

«እኔ አንድ ቃል አላናገርኩትም፣ ጌታ ምስክሬ ነው። መስኮቱን ዝጋ እንኳ አላልኩትም።»

ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰች። «አንቲ፣ ስለ ኬዙ ነው ያልኩት። ዘ ኬዝ! መስኮት ኬዝ አይደለም!» ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። እያለቀሰች መስሎኝ ሶፍት አቀበልኳት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው እንጂ፣ እየሳቀች ነበር።

ታረቁ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ከመኪና በስተቀር አይነጋገሩም። ግን ጋራዡ አልተዘጋም። ግማሹን ቦታ ለቀው በግማሹ ጋሽ ተሰማ የሚጮሁ መኪናዎችን ብቻ ይቀበላሉ፤ ግርማ ሳኒቬል ሥራውን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፍሬን ይመጣል። በሩ ላይ የሁለቱም ስም አለ። ያን ቀን ማታ አዲስ ቺንጋ ገጥመው ሲመለሱ በቢሮው መስኮት አየኋቸው። አገልግሎቱ ደርሶ መልስ ስለሆነ ግርማ ታች ሆኖ ጠብቋቸዋል። ጋሽ ተሰማ በኋላው በር ሊገቡ እጃቸውን ዘረጉ፤ ተዉትና ዞረው ከፊት ገቡ። ሞተሩን ቀረብ ብለው ሊሰሙት ይሆናል። አባቴም ክስ በመንገድ ሲያልቅበት ማታ እንዲህ ከመስኮት ቆሞ ሲያይ ይቆይ ነበር፤ እናቴ ከጓዳ «ደግሞ ዛሬም አስታረቅክ?» እያለች። «ዛሬም ቮልሱ ረታኝ» ነው የሚላት።

ባለፈው ሰሞን ሄለን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ፀጉር ቤት የነበራቸው ሁለት እህትማማቾች ተካሰው ገላግሉን ብለው መጥተዋል፤ አንዷ ሳኒቬል፣ አንዷ አላሜዳ። ላለመተያየት የተለያየ ቀን ነው ቢሯችን የሚመጡት። ሄለን እስክሪብቶዬን አነሳች፣ አስቀመጠች። ከዚያ ያልለመደ አፏን እያፍታታች፣ በአማርኛ፦

«አንቲ… ያ ቫን… አለ?»

«ቫኑ አለ» አልኳት። «ቺንጋው ግን ተቀይሯል። አሁን አያለቅስም።»

ቅር አላት። ትንሽ አሰበችና፦

«መስኮቱስ?»

«መስኮቱ እንደተሰበረ ነው።»

ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ። እኔም ለእህት ብዙነሽ ከመደወሌ በፊት፣ ጥንቃቄ ነውና፣ መሳቢያዬን ከፍቼ ትርፍ ስቶኪንግ መኖሩን አረጋገጥኩ።